ስለ ጥቁሩ ጨርቅ ለጠየቁን፦ የተነነውና የተጠራቀመው ውኃ አንድ አይደሉም

ጠያቂያችን እንደጻፉት፣ በካርቦን የጠቆረ ብርሃን መጣጭ ጨርቅ ገዝተው የሚጠጣ ውኃ ለማግኘት በባሕር ውኃ ላይ ዘርግተው፣ እንፋሎቱ ጠብታ ሆኖ እንዲጠራቀም በመስታወት ከድነውታል፤ ሻጩ በካሬ ሜትር በሰዓት 1.4 ሊትር ይሰጣል ቢልዎትም የሚያጠራቅሙት ውኃ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም፣ ጨርቁም የጨው ቅርፊት እያወጣ አስቸግሮዎታል። እኔም በዚሁ መንገድ ስላለፍሁ መግቢያውን ትቼ ገንዘብ ወደሚበላው ቦታ በቀጥታ እሄዳለሁ።

አንደኛ፣ ያ ቁጥር የትነት ቁጥር እንጂ የመጠጥ ውኃ ቁጥር አይደለም። የሚለካውም ጨርቁ ያለበትን ዕቃ ያለ ክዳን ሚዛን ላይ አስቀምጦ በሰዓት ስንት ግራም እንደቀነሰ በማየት ነው። አንድ ሊትር ውኃ ለማትነን 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይፈጃል፤ የቀትር ፀሐይ ደግሞ በካሬ ሜትር ከአንድ ኪሎዋት ብዙም ስለማይበልጥ፣ ከፀሐይ ብቻ የሚገኘው ትነት በሰዓት 1.5 ሊትር አካባቢ ላይ ይቆማል። ክዳን ሲደረግበት ግን ውስጡ በእንፋሎት ይታፈናል፣ መስታወቱ ይግላል፣ ከሥሩ የተለጠፈው ጠብታም ከሚገባው ብርሃን ከፊሉን ወደ ውጭ ይመልሳል። ተራ የገንዳ ማትነኛ (ጨርቅ የሌለው በመስታወት የተከደነ ገንዳ) በጥሩ ፀሐይ በካሬ ሜትር በቀን ከ2 እስከ 5 ሊትር ይሰጣል፤ ጨርቁ ይህን ያሻሽላል እንጂ ተአምር አይሠራም። ይህን ለሻጬ ሳስረዳው «እኛ የሸጥነው ጨርቅ ነው፣ መስታወቱ አይመለከተንም» አለኝ፤ «የንጹሕ ውኃ ምርት» ብሎ ማስታወቂያው ላይ በትልልቅ ፊደል ያሰፈረው ግን እርሱ ራሱ ነበር።

ሁለተኛ፣ ጨርቁ ውኃው ላይ በቀጥታ መተኛት የለበትም። ከሥሩ ወፍራም ፎም ያድርጉለትና ውኃውን በጠርዝ በሚወርዱ የጨርቅ ጅራቶች እንደ ኩራዝ ክር ይሳብ፤ አለዚያ ፀሐዩ ገንዳውን ሙሉ ሲያሞቅ ይውላል። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳዩት ባለ ሁለት ድርብ ካርቦን ውስጥም ዋናው ብልሃት ይኸው ሙቀትን ከላይኛው ገጽ ላይ ማስቀረት ነው።

ሦስተኛው የጨው ነገር ነው፣ እኔንም ከሁሉ ያማረረኝ እርሱ ነው። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስለሚይዝ፣ 5 ሊትር ሲተን 175 ግራም ጨው መሄጃ ይፈልጋል። ቅርፊቱ የሚጀምረው ከጅራቶቹ በራቀው ጠርዝ ላይ ነው፤ መጀመሪያ በጣት ሲዳስሱት እንደሚሻክር ስስ ሽፋን ሆኖ ይታያል፣ ከዚያ ወደ መሐል እየገፋ ጥቁሩን ነጭ ያደርገዋል፣ ነጭ የሆነው ክፍል ደግሞ ብርሃን አይመጥም። በየማታው በብሩሽ ፈግፍጉት የሚለውን ምክር አይስሙ፤ ከጨው ጋር የካርቦኑ ቅብ ይላጣል። እኔን የገላገለኝ ጨርቁን ማንጠልጠል ነው፤ አንዱ ጫፍ ከፍ ባለ ዕቃ ውስጥ ይነከራል፣ ሌላው ዝቅ ወዳለው ይወርዳል፣ ጨው የበዛበት ውኃም ሳይጋገር ይንጠባጠባል። የሚገባው ውኃ ከሚተነው እጥፍ ከሆነ የሚንጠባጠበው በሊትር 70 ግራም ገደማ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ይህም ጨው መጋገር ከሚጀምርበት ደረጃ በጣም የራቀ ነው። ጥቂት ሙቀት አብሮ መውጣቱ አይቀርም፣ ግን ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

አራተኛ ብዬ ስለ ድጋፍ ማመልከቻ ልመክርዎት ነበር፤ ነገር ግን እኔ የሄድሁበት መሥሪያ ቤት ባለሙያ የሜምብሬኑን (ውኃ በግፊት ሲያልፍበት ጨውን የሚያስቀረውን ስስ ማጣሪያ) ዓይነትና የፓምፑን ግፊት ጠየቀኝ፣ ሁለቱም የሉም ስለው ቅጹን ሳያነብ መለሰልኝ። በሜምብሬን ከባሕር ውኃ አንድ ሜትር ኩብ ንጹሕ ውኃ ማውጣት ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ እንደሚፈጅ አልክድም፤ የእኛ ግን ጉልበቱን ከፀሐይ ስለሚያገኝ የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት ይሠራል። በቺሊ በረሃ ላስ ሳሊናስ እ.ኤ.አ. በ1872 የተሠራው 4,700 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነ የፀሐይ ማትነኛ ያለ አንዳች ሜምብሬን በቀን ከ20,000 ሊትር በላይ እያመረተ ለአሥርት ዓመታት ሠርቷል።

የሰበሰቡትን ውኃ በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ይፈትሹት። ንባቡ ድንገት ከፍ ካለ ጨርቁ የማጠራቀሚያውን ቦይ የነካበትን ቦታ ይፈልጉ። ዝቅተኛ ንባብ ግን የጨው ማነስን እንጂ የቀለምንና የሙጫን ነገር አይነግርዎትም፤ ስለዚህ ለማሸጊያ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አይጠቀሙ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ውኃም ይድፉት።