ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት ይላል

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የሠርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ስለምውል ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካ፣ የመኪናውን 12 ቮልት ወደ ቤት 220 የሚቀይር ኢንቨርተር ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት ይላል። ላፕቶፔንና ሁለት የካሜራ ባትሪ ቻርጀር እየሰካሁ ወር ያህል ያለ ችግር ሠራሁበት። ባለፈው ግን አብራኝ የምትሠራው ልጅ የፀጉር ማድረቂያዋን ሰካችበት። ወዲያው ሁሉም ነገር ድርግም አለ። ከዚያ ወዲህ ማቀጣጠያው ስልክ እንኳ ቻርጅ አያደርግም። ማድረቂያው ላይ የተጻፈው 1200 ዋት ነው። በትንሽ ስላለፈ እንዲህ ይሆናል? ኢንቨርተሩስ ተቃጥሎ ይሆን? ደግሞ ሞተር አጥፍቼ ስንት ሰዓት ብሠራበት ነው መኪናዬ አልነሳም የማይለኝ?
ባለካሜራዋ

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርሽ። ኢንቨርተርሽ ደህና ሳይሆን አይቀርም። የሄደው የማቀጣጠያው ፊውዝ ነው። የፊውዝ ሳጥኑ በብዙ መኪና ከመሪው ሥር ነው፣ አንዳንዱ ላይ ኮፈኑ ውስጥ። የቱ የማቀጣጠያው እንደሆነ ክዳኑ ላይ ወይም መኪናው መጽሐፍ ውስጥ ሥዕል አለ። ነቅለሽ ወደ ብርሃን አድርገሽ እዪው። መሀሉ ላይ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ ታገኛታለሽ። ቀይ ከሆነ 10 አምፔር ነው፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20። ቁጥሩም ጀርባው ላይ አለ። ያንኑ ቁጥር መልሰሽ ተኪ፣ በቃ።

"ትልቅ ቁጥር ላድርግበትና ልገላገል" እንዳትዪ ብቻ። ስንት መኪና ከፍቼ የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ አግኝቻለሁ መሰለሽ! አንዱ መኪና ላይማ ምስማር ነበር። ፊውዝ የተሠራው ገመዱ ከመጋሉ በፊት እሱ እንዲበጠስ ነው። ምስማር አይበጠስም። ስለዚህ የሚግለው ገመዱ ይሆናል። ገመዱ ደግሞ ከዳሽቦርዱ ጀርባና ከምንጣፉ ሥር ነው የሚያልፈው። እዚያ እሳት ቢነሳ በምን እጅሽ ትደርሺበታለሽ?

አሁን ወደ 1000ው እንምጣ። በ200 ዋት ብቻ ያለፍሽ መስሎሻል፣ አይደለም። ካርቶኑ የሚናገረው ስለ ኢንቨርተሩ ነው፣ ስለ ማቀጣጠያሽ አይደለም። ማቀጣጠያሽ 12 ቮልት በ15 አምፔር ነው እንበል፤ አባዢው፣ 180 ዋት ይመጣል። ኢንቨርተሩ ደግሞ ሲሠራ የሚያባክነው አለ፣ ሲሞቅ የሚሰማሽ እሱ ነው። ከሱ የተረፈውን 150 ዋት በዪው። ልጅቷ የሰካችው 1200 ነው፣ ስምንት እጥፍ። በርሚል ሙሉ ውሃ ቢኖርሽ እንኳ ቧንቧው እስክሪፕቶ የሚያህል ከሆነ በዚያው ልክ ነው የምትቀጂው። 1000 ዋቱን የምታገኚው ኢንቨርተሩ በወፍራም ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ሲገናኝ ነው። ያም ቢሆን ካርቶኑን አገላብጠሽ አንብቢው። አንዳንዱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ለቅጽበት ብቻ የሚችለው ነው። ሳያቋርጥ የሚችለው ግማሹ ይሆንና ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ይቀመጣል።

እኔ ጋራዥ ውስጥ የምጠቀምበትን ሒሳብ ልስጥሽ። የምትሰኪውን ዕቃ ዋት ለ10 አካፍዪ። የሚመጣው ከባትሪሽ የሚወጣው አምፔር ነው። ለ12 ማካፈል ነበረብሽ፣ ግን የሚባክነውም አብሮ ስለሚቆጠር 10 ይሻላል፤ በቃልም ይሠራል። 65 ዋት ላፕቶፕ 6.5 አምፔር ነው። የፀጉር ማድረቂያው 120 አምፔር። ፊውዝሽ 15። የውሃ ማፍያ፣ ካውያ፣ ማድረቂያ፣ ባጠቃላይ ሥራው ማሞቅ የሆነ ነገር ማቀጣጠያው አጠገብ አይድረስ።

ሞተር ስታጠፊ ደግሞ ያው ሒሳብ ነው። ላፕቶፑ 6.5፣ ሁለቱ ቻርጀሮች 10፣ 10 ዋት ቢሆኑ 2 አምፔር፣ ድምሩ 8.5። ባትሪሽ 60 አምፔር ሰዓት ነው እንበል፣ ማለትም 1 አምፔር ለ60 ሰዓት የሚሰጥ። ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም፤ የመኪና ባትሪ ለማስነሳት እንጂ ቀስ እያለ እስከ ታች ለመጠጣት አልተሠራም። በተደጋጋሚ ካደረቅሽው ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ 30ን ለ8.5 ስታካፍዪ ሦስት ሰዓት ተኩል ይመጣል። ይህ ግን ለአዲስ ባትሪ ነው። ያንቺን ስላላየሁት አንድ ሰዓት ተኩል ነው የምፈቅድልሽ። ከዚያ ተነሺና ንጂ። አምስት ደቂቃ ቆመሽ ሞተር ማንጎራጎር ያወጣሽውን አይመልስም።

ኢንቨርተሩ ጢጥ ጢጥ ሲል አጠፋዋለሁ ብለሽም አትተማመኚ። ብዙዎቹ የሚጮሁት ባትሪው 11 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው፣ የሚያጠፉት 10.5 ላይ። የሞላ ባትሪ ምንም ሳይሰካበት አርፎ ሲለካ 12.6 ነው፣ 12.2 ከደረሰ ግማሽ ሆኗል። ጩኸቱን እስክትሰሚ መኪናው ላይነሳ ይችላል። ማቀጣጠያው ላይ የምትሰካ ትንሽ ቮልት ማሳያ አለች። ከኢንቨርተሩ በፊት እሷን ብትገዢ ኖሮ ደስ ባለኝ።

ደግሞ ስትጨርሺ ንቀዪው። ይቺን የምነግርሽ አፍሬ ነው። ሃያ ዓመት በላይ የሰው መኪና ሽቦ ስጎትት የኖርኩት ሰውዬ፣ አንድ አርብ ማታ ኢንቨርተሬን ማቀጣጠያው ላይ እንደተሰካ ረሳሁት። ምንም ዕቃ አልነበረበትም። የእኔ መኪና ማቀጣጠያ ደግሞ ቁልፍ ቢነቀልም አይጠፋም። እሱ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ቁጭ ብሎ ይጠጣል። ግማሽ አምፔር ብቻ ነው፤ ግን እስከ ሰኞ ጠዋት 30 አምፔር ሰዓት ሆነ። ባትሪውም ያረጀ ነበር። ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ጎረቤቶቼ ወጥተው ገፉልኝ። አንደኛው እየገፋ፣ "ኤሌክትሪሺያን እንጥራልህ እንዴ?" አለኝ። እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ ይስቃል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተውሽ። ለስልክ ኢንቨርተር አያስፈልግሽም። ላፕቶፕሽም በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚያደርግ ከሆነ፣ ዋቱ የሚበቃ የመኪና ቻርጀር አለ። በኢንቨርተር ሲሆን 12 ቮልቱ ወደ 220 ይወጣል፣ ከዚያ የላፕቶፑ ቻርጀር መልሶ ወደ 20 ያወርደዋል። ሁለተኛ ፎቅ ለመግባት ሃያኛ ወጥቶ እንደመመለስ ነው። በየደረጃው ደግሞ የሚፈሰው ከባትሪሽ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። መኪናዬ ባለ ሁለት ባትሪ፣ 24 ቮልት ነው። ከጓደኛዬ 12 ቮልት ኢንቨርተር አገኘሁ። ማታ ጋቢና ውስጥ ትንሽ ቲቪና ማራገቢያ ላሠራበት ነው። ረዳቴ፣ "ከሁለቱ ባትሪ አንዱን ብቻ ይዘን እናገናኘው፣ እሱ 12 ነው" ይላል። ያስኬዳል?
የሌሊት መንገደኛ

መልስ፦ አያስኬድም ወንድሜ። ረዳትህ ቁጥሩን አልሳተም፣ አንዱ ባትሪ 12 ነው። ብታገናኘው ይበራልም። የመጀመሪያውን ሳምንት ረዳትህን ታመሰግነዋለህ።

ጉዳዩ ዲናሞው ነው። ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ ባትሪ ቆጥሮ፣ 28 ቮልት አካባቢ አድርጎ ነው የሚሞላቸው። የትኛው እንደተጠጣ አያውቅም። አንተ ማታ ማታ አንዱን ታደርቃለህ፣ ሌላው ሙሉ እንደሆነ ያድራል። ጠዋት ለሁለቱም እኩል ይላካል። የደረቀው ሳይጠግብ ይቀራል፣ ሙሉው ከልኩ በላይ ይሞላና ውሃው ይፈላል። በዚህ ምክንያት ሁለቱንም ባትሪ በአንድ ላይ የጣሉ ሾፌሮች አውቃለሁ። "ባትሪው ፎርጅድ ነው" እያሉ ነበር የመጡት።

12 ቮልቱን ኢንቨርተር በሁለቱ ላይ ማገናኘትማ አይታሰብም። ጥሩ ዕቃ ከሆነ አልሠራም ይላል፣ ካልሆነ ይጨሳል። ለጓደኛህ መልስለትና ባለ 24 ቮልት ፈልግ። በ24 ቮልት አምፔሩ በግማሽ ስለሚቀንስ ለ10 ያልኩት ሒሳብ ላንተ ለ20 ነው። የአንተ ቲቪና ማራገቢያ 100 ዋት ቢሆኑ 5 አምፔር ብቻ ነው።

ከባትሪ በቀጥታ ስትዘረጋው ፊውዙ ከፖዘቲቩ በአንድ ስንዝር ውስጥ ይሁን። ብዙ ሰው ጋቢና ውስጥ፣ ኢንቨርተሩ አጠገብ ያደርገዋል፣ ለመቀየር ይመቻል ብሎ። ታዲያ በመሀል ያለውን ሦስት ሜትር ገመድ ማን ይጠብቀው? አንድ መኪና ላይ ገመዱ የጋቢናውን ብረት ቀዳዳ ያለ ጎማ ነበር የሚያልፈው። በንዝረቱ ላስቲኩ ተልጦ ብረቱን ነካ። ብረቱ ማሳ ነው፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተገናኘ ማለት ነው፤ ኮንታክት ፈጠረ። ሾፌሩ ነቅቶ ስለነበር ነው የተረፈው። ቀዳዳው ላይ ጎማ አድርግበት፣ ዋጋው ምንም አይደለም።

ባትሪ እንዳይወርድ ብለህ ደግሞ ሞተር አስነስተህ ተዘግቶ በተከለለ ቦታ እንዳትተኛ። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይቀሰቅስህም።

ጥያቄ፦ ልጄ አስም አለበት። ረጅም መንገድ ስንሄድ መድኃኒቱን ወደ ጉም ቀይሮ የሚያስተነፍሰውን የቤቱን ኔቡላይዘር መኪና ውስጥ በኢንቨርተር እንሰካለን። ይሠራል፣ ግን ድምፁ ይቀየራል፣ እንደማቃሰት ይላል። ይሞቃልም። ችግር አለው?
እናት

መልስ፦ አለው እመቤቴ። የቤት መብራት ከፍ ዝቅ ሲል እንደ ኮረብታ ለስላሳ ነው። ርካሽ ኢንቨርተር ደግሞ ኮረብታውን በደረጃ ያስመስለዋል። አምፖልና አብዛኛው ቻርጀር ደንታ የለውም። ሞተር ያለበት ነገር ግን ያቃስታል፣ ይሞቃል፤ ቤት የምትጠቀሙበት ኔቡላይዘር ውስጥ ያለው ደግሞ ሞተር ነው። "ፒዩር ሳይን ዌቭ" የሚለው ኢንቨርተር ያንን ለስላሳውን ነው የሚሰጠው። ዋጋው ይወደዳል።

እኔ ግን እሱንም ግዙ አልልም። የልጅ ትንፋሽ በአንድ የማቀጣጠያ ፊውዝ ላይ መንጠልጠል የለበትም። በራሱ ባትሪ የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ ኔቡላይዘር አለ። ለመንገድ እሱ ይሆነው እንደሆነ፣ ወይም በስፔሰር፣ የሚነፋው መድኃኒት በሚሰካበት ባዶ ቱቦ፣ የሚወሰድ መድኃኒት ይተካው እንደሆነ የልጁን ሐኪም ይጠይቁ። እስከዚያው መጠቀም ግድ ከሆነ መኪናውን አቁመው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ኢንቨርተሩን ከልጁ እጅ ያርቁት። ከመኪና ቢወጣም 220 ቮልት ነው፣ እንደ ቤቱ ሶኬት ይገድላል። ብርድ ልብስም አይደርቡበት፣ ፋኑ አየር ይፈልጋል። ሐኪሙ ጋ ሲሄዱ ደግሞ ኔቡላይዘሩን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ዋቱና ሞዴሉ እዚያ ላይ አለ።