ተዘግቶ የኖረውን ቤት ለሰፈሩ መክፈት

ጥያቄ፦ የምኖረው ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። በአካባቢያችን ምድር ቤቱ በድንጋይ፣ ፎቁ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ የእንጨት ሰገነት ያለው አሮጌ ቤት ተቆልፎ ከቆየ ዓመታት ተቆጥረዋል። የእድራችን አባላት ቤቱ ለልጆች ማንበቢያ፣ ለአረጋውያን መዋያና ለስብሰባ እንዲሰጠን ልንጠይቅ አስበናል። አንዳንዶቻችን ግን «አፍርሶ በብሎኬት መሥራት ይቀላል» ይላሉ። ከየት እንጀምር?
የእድር ጸሐፊ፣ ከአራዳ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፤ ለማፍረስ አትቸኩሉ። የድንጋዩና የእንጨቱ ወጪ ድሮ የተከፈለ ነው፤ በምትካቸው የሚመጣው ሲሚንቶ ግን ለእድር ካዝና ከባድ ከመሆኑም በላይ፣ የኖራ ድንጋይ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሎ የሚመረት በመሆኑ አየርን ክፉኛ ይበክላል። ነባር ቤትን ለሕዝብ አገልግሎት ማዋል ለከተማችንም እንግዳ አይደለም፤ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፣ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያም ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው።

በመጀመሪያ ቤቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጡ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ለኪራይ ቤቶች ስለተሰጠ፣ ጥያቄያችሁ ለወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ወይም ለፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሊሆን ይችላል። ቦታው በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለመግባቱንም ጠይቁ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ጥገና አይደረግበትም። ዓመቱ የተወሰነ ውል ሳይፈረም አንድ ብር እንኳ አታውጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትልቁ ጉዳይ ውሃ ነው። የጭቃ ቤት ጠላቱ ዕድሜ ሳይሆን እርጥበት ስለሆነ፣ ከቀለምና ከወንበር በፊት ጣሪያውና አሸንዳው ይጠገን። ቤቱ የአቡጀዲ ኮርኒስ ካለው ቀና ብላችሁ ተመልከቱት፤ የፈሰሰ ሻይ የመሰለ ቡናማ ክብ ካያችሁ ከበላዩ ያለው ቆርቆሮ ያፈስሳል ማለት ነው። ቀጥሎ የቋሚዎቹን ግርጌ በምስማር ውጉ፤ ምስማሩ ያለ ግፊት ከገባ እንጨቱን ምስጥ በልቶታል ወይም በስብሷል፤ ያን ቋሚ ብቻ መቀየር ይቻላል፣ ቤቱን ሁሉ ማፍረስ ግን አያስፈልግም።

በአንድ ወቅት የሰፈር ሰዎች በብዙ ድካም ያደሱትን ቤት እንዳይ ተጠርቼ ነበር። የጭቃው ግድግዳ በሲሚንቶ ተለስኖ ያማረ ይመስላል፤ በጣቴ ሳንኳኳው ግን ባዶ በርሜል ይመስል ድም አለ። ልስኑን ስናነሳው ከሥሩ ያለው ጭድ ጠቁሮ፣ ማገሩ እንደ ሰፍነግ ረጥቦ አገኘነው። ሲሚንቶ ጭቃው ያመቀውን እርጥበት እንዳይወጣ አፍኖ ስለሚይዝ ነው፤ ያ ሁሉ የሰው ገንዘብና ጉልበት ሲባክን ማየት አሁንም ያሳዝነኛል። ስለዚህ በጭድ ተቦክቶ በሰነበተ ጭቃ ምርጊቱን አድሱ፣ ላዩን ኖራ ቀቡት። ይህን ሥራ የሚያውቁ አዛውንቶች በሰፈራችሁ ካሉ ወጣቶቹ አብረዋቸው ይሥሩ፤ ሙያው ሳይጠፋ ቢተላለፍ ለእኔ ከቤቱ የማይተናነስ ጥቅም ነው።

ከጣሪያው የሚወርደውንም ውሃ አታባክኑት። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ይህ 120,000 ሊትር ያህል ነው። አብዛኛው በክረምት ወራት ስለሚወርድ አንድ ሮቶ እስከ በጋ ያደርሰናል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ለመጸዳጃ ቤትና ለጽዳት ግን በክረምቱ የቧንቧ ውሃ ወጪያችሁን ይቀንሳል።

የክፍሎቹን ድልድል በተመለከተ፣ ስብሰባው፣ የአረጋውያኑ መዋያና የእድሩ ድስትና ወንበር ምድር ቤት ይሁኑ፤ አረጋውያኑ ደረጃ ከመውጣት ይድናሉ፣ የእንጨት ወለሉም ያን ሁሉ ሰውና ዕቃ አይሸከምም። ፎቁ ብርሃን ስለሚያገኝ ለልጆቹ ማንበቢያ ተስማሚ ነው፤ ነገር ግን ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ግድግዳው ውስጥ የገቡበት ጫፍ ከውጭ ስለማይታይ፣ መሐንዲስ ከፍቶ ሳያየው ማንም ልጅ እንዳይወጣ አድርጉ።