ለመዳብ ምትክ አሉሚኒየም አይሆንም እንዴ?

ጥያቄ፦ ሶላሩም፣ ንፋሱም፣ የኤሌክትሪክ መኪናውም መዳብ ይፈልጋል፣ መዳብ ደግሞ ላይበቃ ነው ይባላል። ታዲያ ለምን በአሉሚኒየም አይተኩትም? ኤሌክትሪሻን ጓደኛዬን ብጠይቀው «አሉሚኒየም ቤት ያቃጥላል» ብሎ ዘጋኝ።

መልስ፦ ጓደኛህ እውነት አለው፣ ግን ቀና ብሎ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሸከሙትን መስመሮች ቢያይ እዛ የተዘረጋው በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፣ ለጥንካሬ መሀሉ ብረት ገብቶበት። አሉሚኒየም ከረንት የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን 61 በመቶ ያህል ስለሆነ ያንኑ ስራ እንዲሰራ ሽቦውን ሲቆረጥ የሚታየው የፊቱ ስፋት 1.6 እጥፍ ገደማ እስኪሆን ማወፈር ግድ ነው፣ ግን እንደዛ ወፍሮም ክብደቱ የመዳቡ ግማሽ ነው፣ ዋጋውም ይረክሳል።

ጣጣው መጋጠሚያው ላይ ነው። አሉሚኒየም አየር ሲያገኘው ወዲያው ስስ ኦክሳይድ ይለብሳል፣ እሱ ደግሞ ከረንት አያሳልፍም። በዛ ላይ ሲሞቅ ከመዳብ የበለጠ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ብሎን ስር ተጨፍልቆ ሲከርም ቀስ እያለ ቅርፁን ይለቃል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ የላላው ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ይብስበታል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1973 አካባቢ በተሰሩ ቤቶች የታየው እሳት ባብዛኛው የተነሳው ከሽቦው ሳይሆን ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ከታሰረበት ጫፍ ነው። ከመዳብ ጋር በቀጥታ አጣምረኸው እርጥበት ከነካውም አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ለዛ ነው አንዱ ወገኑ አሉሚኒየም ሌላው መዳብ የሆነ ማገናኛ የሚሰራው (እሱን ለመቆጠብ የሚሞክር ሰው አይገባኝም)።

ስለዚህ የሶላር ጣቢያ ውስጥ መሬት ለመሬት ለሚሄድ ረጅም ኬብል አሉሚኒየም ምንም አይልም፣ አሁንም እየተሰራበት ነው። የመኪና ሞተርና የንፋስ ጀነሬተር ውስጥ ግን ቦታው ጠባብ ነው፣ የወፈረውን ሽቦ የት ታስገባዋለህ? እዛ መዳብ ቶሎ የሚለቅ አይመስለኝም። ሱፐርኮንዳክተርም (በጣም ሲቀዘቅዝ ከረንትን ሳይቃወም የሚያሳልፍ ቁስ) አለ፣ ጀርመን ኤሰን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቷል፣ ግን ከዜሮ በታች ወደ 196 ዲግሪ በሚጠጋ ፈሳሽ ናይትሮጅን እየቀዘቀዘ ስለሚሰራ ለሁሉም ቦታ አይሆንም።

የመዳብ እጥረት ሲባል ደግሞ ከመሬት ውስጥ አለቀ ማለት አይደለም። አዲስ ማዕድን ተገኝቶ ምርት እስኪጀምር ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል፣ ፍላጎቱ ግን አይጠብቅም። አሉሚኒየምም ቢሆን ነፃ አይደለም፣ 1 ኪሎ ለማምረት ከ13 እስከ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ይበላል፣ መብራቱ ከከሰል ከመጣ ጭሱን ከኬብሉ ጋር ነው የምትገዛው።