ሕጉ ያልከለከለው ሹመት

ጥያቄ፦ በካይዘሩ (በንጉሠ ነገሥቱ) ዘመን (1871–1918) የጀርመን ሕግ ማንንም በሃይማኖቱ ምክንያት ከመንግሥት ሥራ አይከለክልም ነበር ይባላል። ካቶሊኮች ግን ከፍተኛው ወንበር ላይ እምብዛም አልታዩም። ለምን?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። የ1869ኙ ሕግ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሃይማኖት ለሹመት መመዘኛ እንዳይሆን በግልጽ ደንግጓል። ማጣሪያው ያለው ከሕጉ በታች፣ አለቃ እንደ ፈቃዱ በሚወስንባቸው ደረጃዎች ላይ ነው። ከጀርመን ግዛቶች ትልቋን፣ ከሕዝቧ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ካቶሊክ የነበረባትን ፕሩሲያን እንይ።

ወጣቱ ጂምናዝየም (ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) ጨርሶ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሕግ ያጠናና የመጀመሪያውን የመንግሥት ፈተና ያልፋል። ከዚያ በ1879ኙ ሕግ መሠረት «ሬፈረንዳር» ተብሎ ሁለት ዓመት በፍርድ ቤት፣ ሁለት ዓመት በአስተዳደር ይለማመዳል። በርሊን ላይ ትልቁን ፈተና ሲያልፍ «አሴሶር»፣ ማለትም ለቋሚ ሹመት ብቁ የሆነ እጩ፣ ይሆናል። በልምምዱ ዘመን ደመወዝ የለም፤ አሴሶር ከሆነም በኋላ ቋሚ ቦታ እስኪገኝ ዓመታት መጠበቅ የተለመደ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የሚያበላውና የሚያለብሰው ቤተሰቡ ነው። የገበሬና የእጅ ባለሙያ ልጆች የቀሩት እዚህ ላይ ነው፤ ከካቶሊኮቹም ብዙዎቹ የእነዚህ ልጆች ነበሩ።

አቅም ያለውን ደግሞ የሚያስቀረው ከፍርድ ቤት ወደ አስተዳደር መሻገሪያው ነው። ተለማማጁን የሚቀበለው የአውራጃው ገዥ፣ «ሬጊሩንግስፕሬዚደንት»፣ ነበር። ውጤት ብቻ አይበቃውም፤ የቤተሰቡን ሀብት፣ የተማሪነት ማኅበሩን፣ በጦር ሠራዊቱ የተጠባባቂ መኮንንነቱን ያያል። መኮንንነቱን ጠጋ ብለን እንየው። እጩውን የክፍሉ መኮንኖች ድምፅ ሰጥተው መቀበል አለባቸው። ክብሩ የተነካ መኮንን በሽጉጥ ወይም በሰይፍ እንዲጋጠም ይጠበቅበታል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ ያለ ፍልሚያ የገጠመውን ከምእመናን ኅብረት ትለያለች። እናም «ብትጠየቅ ትጋጠማለህ?» ሲባል እንደ እምነቱ የመለሰ ወጣት ማዕረጉ ይቀርበታል፤ የሚነገረው ምክንያት የክብር እንጂ የሃይማኖት አይሆንም። አድልዎውን በሰነድ ማረጋገጥ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ዳኝነቱ ይሻል ነበር፤ ዳኛ በቀላሉ ከወንበሩ አይነሣም። ፔተር ሽፓን የካቶሊኮቹ የማዕከል ፓርቲ ሰው ሆኖ ሳለ ላይፕዚሽ ከተማ በነበረው የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኗል፤ በ1917 ደግሞ የፕሩሲያ የፍትሕ ሚኒስትር። የወረዳ አስተዳዳሪው «ላንድራት» ግን የፖለቲካ ሹመኛ ስለሆነ በ1852ቱ ሕግ መሠረት ያለ ክስ በጊዜያዊ ጡረታ ሊሰናበት ይችል ነበር።

ጥያቄ፦ ቻንስለሩ (የመንግሥቱ መሪ) ቢስማርክ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር በተጋጨበት ጊዜ ካቶሊክ ሹማምንት ምን አጋጠማቸው?

መልስ፦ በ1871 በባህልና ትምህርት ሚኒስቴር የነበረው የካቶሊክ ጉዳዮች ክፍል ተዘጋ። በ1873 የወጡት የግንቦት ሕጎች ጳጳሳት ካህን ሲሾሙ ለመንግሥት እንዲያሳውቁ አስገደዱ፤ እምቢ ያለ ይቀጣል። የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ ፓውሉስ ሜልሸርስ በ1874 ታሰሩ። ካቶሊክ አስተዳዳሪ የራሱ ጳጳስ ላይ የተጣለውን ቅጣት ማስፈጸም ነበረበት፤ ቢያመነታ ታማኝነቱ ይጠረጠራል፤ ቢያስፈጽም የገዛ ምእመናኑ ያገሉታል። በእኔ አስተያየት የዚያን ትውልድ እድገት ከሁሉ በላይ የጎዳው ይህ ነው። በ1886 እና በ1887 በወጡት ሕጎች ግጭቱ ቢበርድም ጥርጣሬው በሹመት ላይ ቆየ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሆሄንሎሄ ካቶሊክ ሆኖ እንዴት ቻንስለር ሆነ?

መልስ፦ ከ1894 እስከ 1900 ሆኗል። ነገር ግን የደቡባዊቷ የጀርመን ግዛት የባቫሪያ መኳንንት ወገን ነው፤ በ1869 የባቫሪያ መንግሥት መሪ ሳለም የሮማውን ጳጳስ (የፖፑን) አለመሳሳት የሚደነግገውን ትምህርት ተቃውሟል። መንግሥት የማይፈራው ዓይነት ካቶሊክ ነበር። የማዕከል ፓርቲው ጌዮርግ ፎን ሄርትሊንግ ቻንስለር የሆነው በ1917፣ መንግሥት የፓርላማ ድጋፍ አጥብቆ በፈለገበት የጦርነት ዓመት ነው።

የዘመኑን የሹመት ቆጠራ የሚያነብ ሰው የካቶሊክ ሹማምንትን ድርሻ ከሕዝብ ብዛት ጋር ብቻ ባያነጻጽር ይሻላል፤ የትምህርት ጉድለትና አድልዎ ይቀላቀሉበታል። መጀመሪያ የሕግ ተማሪዎችን፣ ቀጥሎ ሬፈረንዳሮችን፣ ከዚያ የወረዳ አስተዳዳሪዎችን እየለየ ያስላ፤ ድርሻው በድንገት የሚወርድበት ደረጃ ማጣሪያው ያለበት ነው። «ካቶሊክ» ተብሎ የተመዘገበውም በጥምቀት ብቻ ካቶሊክ የሆነ፣ ልጆቹን በፕሮቴስታንት እምነት የሚያሳድግ ሰው ሊሆን ስለሚችል ጋብቻውንም ይመልከት።