ሸሚዙን አትጠቡት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሦስቴ አነበብኩት። ወንድምሽ ፖሊስ ጣቢያ 3 ቀን ታስሮ ትናንት ማታ ተለቀቀ፤ ፊቱ አብጧል፣ ጀርባው በልዟል፤ «አሁን እናመልክት ወይስ እስኪሻለው እንጠብቅ?» ነው ያልሽው። አትጠብቁ። የኔም ወንድም ልክ እንደዚሁ ነበር። እኛ ጠበቅን። ዕዳውን እስከ ዛሬ እየከፈልን ነው።

ጠበቃ ስለመያዝና ስለ አቤቱታ አጻጻፍ ሌሎች ነግረውሻል፤ አልደግመውም። እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ።

1. የለበሰውን ልብስ አትጠቡት። እናቴ ልጇን ደም በነካው ሸሚዝ ማየት አልቻለችም። በዚያው ሌሊት ዘፍዝፋ አጠበችው። ጠዋት ስነሳ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ማን አፍ አውጥቶ ይቆጣታል? ማስረጃችን ግን ከሳሙናው አረፋ ጋር ሄደ። እናንተ ሳታጥቡ አድርቁት፣ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ክተቱት (ፌስታል ያሻግተዋል)፣ ቀኑን ጻፉበት።

2. ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ዛሬ ስልሽ ዛሬ ነው። እኛ «መጀመሪያ ይረፍ» ብለን በ9ኛው ቀን ሄድን። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ የጻፈልን ግን አንድ መስመር ነው፦ «ጀርባው ላይ እየዳነ ያለ ብልዝ ይታያል።» በቃ። እሷን ይዤ አቤቱታ ተቀባዩ ዘንድ ገባሁ። ሰውየው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየና «ከኛ ከወጣ በኋላ ተደባድቦ ቢሆንስ? 9 ቀን እኮ ብዙ ነው» አለኝ። ቁጭ በል እንኳ አላለኝም። ጮኽኩበት። ጥበቃ ጠርቶ አስወጣኝ። ስድቡን ረስቼዋለሁ፤ ያቺ «9 ቀን እኮ» ግን እስካሁን እንቅልፍ ትነሳኛለች። ምክንያቱም ቀዳዳውን የከፈትኩለት እኔው ነኝ።

በኋላ ሳነብ የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ማሰቃየት ኮሚቴ ይህንኑ ጉዳይ አንስቶት አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) በስፔን ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ምርመራ በፍጥነት መጀመር ያለበት አንድም ሰውየው ዳግም እንዳይጎዳ፣ አንድም የድብደባ ምልክት ቶሎ ስለሚጠፋ ነው ይላል። ያንን ሳነብ የወንድሜ ጀርባ ድኖ ነበር።

ሐኪሙንም «እየው» ብላችሁ ዝም አትበሉ። ማሰቃየት እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚመዘገብ የሚያሳይ የኢስታንቡል ፕሮቶኮል የሚባል መመሪያ አለ፤ በ1999 ወጥቶ በ2022 ታድሷል። በሱ መሠረት ሐኪም ቁስል ቆጥሮ ብቻ አይሸኝም። ሰውየው የሚናገረው ታሪክና ሰውነቱ ላይ ያለው ምልክት ምን ያህል እንደሚገጥሙ አስተያየቱን ይጽፋል፤ ከ«አይገጥምም» ጀምሮ «ከዚህ ሌላ ምክንያት ሊያመጣው አይችልም» እስከሚለው ድረስ በደረጃ። ያቺን አረፍተ ነገር ጠይቁ። ያለሷ ወረቀታችሁ እንደኛው መስመር ሆኖ ይቀራል። እንቅልፍ ማጣቱን፣ መበርገጉንም ያጽፍ። ፖሊስ ደግሞ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ መቆም የለበትም፤ ከቆመ መቆሙ ራሱ ይጻፍ።

3. ከመታሰሩ በፊት ደህና እንደነበር የሚያሳይ ነገር ፈልጊ። ይሄን ማንም አልነገረኝም። ሁላችንም የምንሯሯጠው ስለ ቁስሉ ነው። ወንድሜ ከመታሰሩ 2 ቀን በፊት አዲስ ሥራ ሊጀምር የጤና ምርመራ አድርጎ ነበር። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያገኘሁት ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። «ጤነኛ ነው» ይላል፤ ቀንና ማህተም አለው። ጠበቃው ሲያየው ብድግ አለ። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ይዘህ ነው ስትጮህ የከረምከው?»

ምክንያቱን እሱ ነው ያስረዳኝ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1992 በፈረንሳይ ላይ፣ በ1995 ደግሞ በኦስትሪያ ላይ በወሰናቸው ጉዳዮች ያስቀመጠው ሐሳብ አለ። ጤነኛ ሆኖ እጃችሁ የገባ ሰው ተጎድቶ ከወጣ፣ እንዴት እንደተጎዳ አሳማኝ ማብራሪያ መስጠት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፤ ይላል ለመንግሥት። ሸክሙ ዞረ ማለት ነው። ታሳሪው ብቻውን በአራት ግድግዳ መሃል ነበር፤ ምስክር ከየት ያምጣ? ግን ይህ እንዲሠራ ሁለት ጫፍ ያስፈልጋል፤ ሲገባ እንዴት እንደነበር፣ ሲወጣ እንዴት እንደነበር። እኛ የመጀመሪያውን በዕድል አገኘን፣ ሁለተኛውን በስንፍና አበላሸን። አንቺ ሁለቱንም መያዝ ትችያለሽ። የታሰረ ዕለት ጠዋት የተነሳው ፎቶ፣ ሥራ ቦታ የፈረመበት፣ ያየው ጎረቤት፣ ሁሉም ይጠቅማል።

4. «መርምረን ማስረጃ አላገኘንም» ሲሉሽ እዚያ ላይ አታቁሚ። ለኛም እንዲያ ብለው ደብዳቤ ሰጡን፤ ሦስት መስመር። መርማሪ ተብሎ የተመደበው ከተከሰሱት ጋር እዚያው ቤት የሚሠራ ሰው ነው። ፖሊሶቹን ጠየቃቸው፣ ሁሉም በአንድ ቃል «ደረጃ ላይ ወድቆ ነው» አሉ፣ መዝገቡ ተዘጋ። ወንድሜን ግን አንድም ቀን አልጠራውም! የተመታውን ሳይጠይቁ ስለ መመታቱ ወሰኑ።

እዚህ ላይ ነው ትንሽ የምኮራው። ሁለተኛውን አቤቱታ ራሴ ጻፍኩት። «ይቀጡልን» የምትል ቃል አላስገባሁም። ያልተሠራውን ብቻ ዘረዘርኩ። ተጎጂው ቃሉን አልሰጠም። አብረውት የታሰሩት አልተጠየቁም። የተረኞች መዝገብ አልታየም። የካሜራ ቅጂ አልተያዘም። መርማሪው ከተከሰሱት ነፃ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታትን የፀረ ማሰቃየት ስምምነት አንቀጽ 12 ጠቀስኩ፤ በቂ ጥርጣሬ እስካለ ድረስ አቤቱታ ባይቀርብ እንኳ መንግሥት ፈጣንና ገለልተኛ ምርመራ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ለበላይ አካል ሰጥቼ ገቢ የተደረገበትን ቁጥር አስጽፌ ወጣሁ። መዝገቡ ተከፈተ። ካሜራው ግን በላዩ ላይ ተቀርጾበት ጠፍቷል፤ ስለዚህ አንቺ ካሜራው እንዲያዝ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቂ።

ጥሩ ያልሆነ ምርመራ በራሱ ጥሰት መሆኑን ያመንኩት የቡልጋሪያውን ጉዳይ ካነበብኩ ወዲህ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ነው። ከተያዘ በኋላ አባቱ ደርሶ «እኔው እቀጣዋለሁ» ብሎ ፖሊሶቹ ፊት በጣውላ መታው። ከዚያ ቀጥሎ ፖሊሶቹም መቱኝ ይላል ልጁ። ያው የአውሮፓው ፍርድ ቤት በ1998 ቁስሉን ያደረሰው ማን እንደሆነ መለየት አልቻለም። ቢሆንም በአግባቡ ስላልተመረመረ መንግሥትን ጥፋተኛ አለው።

ከላይ «አንድ ጥፊ ደግሞ ምን ክስ ይሆናል» ብለህ አስተያየት የጻፍከውና የሳቅከው ሰውዬ፣ በ2015 በዚሁ ፍርድ ቤት ቤልጂየም የተፈረደባት በጥፊ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አንድ አንድ ጥፊ ቀመሱ፤ ክብር ነክቷል ተባለ። አጥንት እስኪሰበር የሚጠበቅበት ሕግ የለም።

ሌላው፣ አቤቱታ ስታስገቡ «ፖሊስ ላይ እጁን ሰንዝሯል» የሚል ክስ ቢመጣ አትደንግጡ። በኛም መጣ፣ በሳምንቱ። እናቴ «ተዉት» ብላ አለቀሰች። የዚያው የፀረ ማሰቃየት ስምምነት አንቀጽ 13 አቤቱታ አቅራቢውና ምስክሮቹ ከማስፈራራት እንዲጠበቁ ይላል፤ እኛ ማስፈራሪያውንም ከነቀኑ ጽፈን እዚያው መዝገብ ላይ ጨመርነው።

አንድ ነገር ግን አልነገርሽንም። ሲለቀቅ የፈረመው ወረቀት አለ? የኔ ወንድም «ምንም ጉዳት አልደረሰብኝም» በሚል ወረቀት ላይ ሳያነብ ፈርሟል፤ ቤት መግባት ብቻ ነበር የፈለገው። ያወቅነው በሦስተኛው ወር ፊታችን ሲዘረጉት ነው። ወንድምሽም ፈርሞ ከሆነ እነሱ ሳያወጡት እናንተ አውጡት። ማን አስፈረመው፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ብለውት፤ አሁኑኑ አስታውሶ ይጻፈው። መልስሽን እዚሁ አስቀምጪልኝ፤ ማታ ገብቼ አያለሁ።