ለሥራ መመላለሻ ትንሽ ሴዳን ይበቃል ወይ ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እነዳለሁ ብለሻል፤ አብዛኛውም የተጨናነቀ መንገድ ነው። ትንሽ ሴዳን ልገዛ ስል ሰው ሁሉ "ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ካልሆነ ይቆጭሻል" ይለኛል፣ ካምቢዮውስ ምን ዓይነት ይሁን፣ ያገለገለ ብገዛስ ነው ነገሩ። ከላይ የመለሱልሽ አብዛኞቹ የመኪና ስም ጠርተው አልፈዋል፣ ስለዚህ እኔ ትንሽ ላርዝመው፣ ታገሺኝ።

እኔ ትንሽ ሴዳን መንዳት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። የመጀመሪያው ማንዋል ነበር፣ የአሁኑ ሲቪቲ ነው፤ ማርሹ ደረጃ የሌለው የአውቶማቲክ ዓይነት ማለት ነው። ሁለቱንም የነዳኋቸው ልክ እንዳንቺ ነው። ጠዋት ሰልፍ፣ ማታ ሰልፍ።

አጭሩ መልስ፦ ይበቃሻል። ብቻሽን ወይ ከአንድ ሰው ጋር፣ ቦርሳና ላፕቶፕ ይዘሽ ለመመላለስ ሁለት ቶን የሚጠጋ ብረት ይዘሽ የምትዞሪበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞ "ትንሽ" የሚባለው ሴዳን ትንሽ መሆኑ ድሮ ቀረ። የመጀመሪያው ቶዮታ ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲወጣ ርዝመቱ 3.85 ሜትር ገደማ፣ ሞተሩም 1.1 ሊትር ነበር። የዛሬው ሴዳን ኮሮላ 4.63 ሜትር ነው። ሆንዳ ሲቪክም እንደዚያው አድጓል። ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በደንብ ይቀመጣሉ፣ ሦስተኛው መሃል ላይ ትንሽ ይጨነቃል፣ በቃ።

ግን መኪና ከመምረጥሽ በፊት መንገድሽን አስቢ። በሰልፍ የሚውል መኪና የሚነዳው ኪሎ ሜትር ትንሽ ነው፣ ድካሙ ግን ብዙ ነው፤ ሰው ይህን አይቆጥረውም። ክፍት መንገድ ላይ በሰዓት 80 ብትነጂ 20 ኪሎ ሜትሩን በ15 ደቂቃ ትጨርሺዋለሽ። ያው 20 ኪሎ ሜትር በሰልፍ አንድ ሰዓት ቢወስድብሽ ሞተሩ አራት እጥፍ ጊዜ ሠርቷል፣ ቆጣሪው ላይ ግን ያው 20 ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ውሏል፣ ፍሬኑ ሲረገጥ ውሏል፣ ካምቢዮው ሲንቀሳቀስና ሲቆም ውሏል። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ከፍተሽ ብታዪ ብዙ ጊዜ ሁለት የሰርቪስ ሠንጠረዥ አለው፤ አንዱ ለመደበኛ አጠቃቀም፣ ሌላው ለከባድ አጠቃቀም። ከባድ የሚባለው ተራራ የሚወጣና ዕቃ የሚጎትት ብቻ ይመስልሻል። ቆም ሄድ የሚል መንገድ፣ አጭር ጉዞ፣ አቧራ፣ ይሄ ሁሉ እዚያው ውስጥ ተጽፏል። ያ አንቺ ነሽ። ስለዚህ "ይሄ ዘይት 10 ሺህ ይሄዳል" ቢሉሽ አትስሚ፣ የከባዱን ሠንጠረዥ ተከተዪ። እኔ በ5 ሺህ ነው የምቀይረው። ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ስድስት ወር ካለፈው እቀይረዋለሁ።

ሰልፍ መኪና ላይ ምን እንደሚያደርግ በደንብ ያየሁት አንድ ማታ ነው። መንገዱ ዝግት ብሏል፣ የሙቀት መርፌው ከመሃል ተነስቶ ወደ ላይ መሄድ ጀመረ። መኪና ሲሄድ ነፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ሲቆም ግን ያለሽ የራዲያተሩ ፋን ብቻ ነው። ኤሲውን አጠፋሁ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ፣ መስኮቶቹን አወረድኩ። ሙቀቱ ከሞተሩ ወጥቶ ፊቴ ላይ ይነፋል፣ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ጎን ያለው ሹፌር በዚህ ሙቀት ማሞቂያ የሚከፍት እብድ አየሁ ብሎ ሳይሆን አይቀርም እያየ ይስቃል። መርፌው ግን ቀስ እያለ ተመለሰ። ዳር ይዤ ኮፈኑን ስከፍት ፋኑ ቆሟል። በማግስቱ ሲታይ የተቃጠለችው ሪሌዋ ነች፣ ለፋኑ ኤሌክትሪክ የምትከፍትና የምትዘጋ የአውራ ጣት የምታህል ዕቃ። ክፍት መንገድ የሚነዳ ሰው ቢሆን ፋኑ መቆሙን ለሳምንታት ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ከገጠመሽ የራዲያተሩን ክዳን በሙቁ እንዳትነኪ። ውስጡ ያለው በግፊት የፈላ ውሃ ነው፣ የሚወጣውም ወደ ፊትሽ ነው።

አሁን ወደ ካምቢዮው። ለአንቺ መንገድ ትልቁ ውሳኔ ይሄ ነው፣ ከመኪናው ስም ይበልጣል።

ማንዋል ይወደዳል፣ ቀላል ነው፣ ሲበላሽም በቀላሉ ይሠራል። ግን ግራ እግርሽ በሰልፍ ስንት ጊዜ ፍሪሲዮን እንደሚረግጥ አስቢ። እኔ ማታ ቤት ገብቼ ጉልበቴን እያሸሁ ነበር የምቀመጠው። ማንዋል ከወሰድሽ ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥለሽ አትያዢው፣ የእጅ ፍሬን ሳቢ። የፍሪሲዮን ሸራ የሚያልቀው እንዲህ ሲንጠለጠል ነው።

ሲቪቲ ለሰልፍ ምቾቱ ሌላ ነው። ማርሽ ሲቀየር የሚሰማሽ ነገር የለም፣ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ነዳጅም ይቆጥባል። ጠላቱ ሙቀትና ያረጀ ዘይት ነው። አንዳንድ መመሪያ "የካምቢዮው ዘይት አይቀየርም" የሚል ይመስላል። እኔ እሱን አላምንም፣ በ60 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ አስቀይራለሁ፣ ለሰልፍ መኪና እንዲያውም ቢቀድም አይከፋም። ሲቀየር ደግሞ የሲቪቲ ዘይት መሆኑን ዓይንሽ እያየ ይሁን። የተራ አውቶማቲክ ዘይት ከገባበት ውስጡ ያለው የብረት ቀበቶ መንሸራተት ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ወጪው አይጣል ነው። አዳዲሶቹ አንዳንድ የቶዮታ ሲቪቲዎች ከቆመበት ለመነሳት እውነተኛ የመጀመሪያ ማርሽ ተጨምሮላቸዋል፣ ለእንዳንቺ ዓይነት መንገድ ጥሩ ሐሳብ ነው።

ባለ ስድስት ማርሽ የተለመደው አውቶማቲክ ካገኘሽ ዓይንሽን ሳታሺ ውሰጂ። ጠንካራ ነው።

የምጠነቀቀው ከባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ አውቶማቲክ ነው፣ በተለይ ደረቅ ፍሪሲዮን (በዘይት ውስጥ የማይሠራ) ካለው። ክፍት መንገድ ላይ ደስ ይላል፣ ቶሎ ይቀይራል። በሰልፍ ግን በእግር ፍጥነት እየተሳበ ሲሄድ ሸራው ግማሽ ተይዞ ግማሽ ተለቆ ይፋተጋል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ማንዋል መኪና ላይ በፍሪሲዮን አታንጠልጥዪ ያልኩሽን ነገር እዚህ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያደርገዋል። ሻጩ "አውቶማቲክ ነው" ብሎሽ እንዳያልፍ፣ የትኛው ዓይነት አውቶማቲክ ነው ብለሽ አጥብቀሽ ጠይቂ።

ሃይብሪድ፣ ማለትም ከቤንዚን ሞተሩ ጋር የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው፣ አቅምሽ ከፈቀደ ለሰልፍ እሱን የሚያህል የለም። ፍሬን ስትይዢ የሚባክነውን ጉልበት ወደ ባትሪ ይመልሰዋል፣ ቆመሽ ሞተሩ ይጠፋል። ኮሮላ፣ ሲቪክ፣ ኢላንትራ ሁሉም ሃይብሪድ ሆነው ይመጣሉ። ብዙዎቹ ላይ ኋላ ወንበር አጠገብ የባትሪው አየር መሳቢያ ቀዳዳ አለ፤ ቦርሳም ጃኬትም እንዳትደፍኚበት፣ ፊልትሮ ካለውም አስጠርጊው።

ነዳጁን በተመለከተ፣ ሃይብሪድ ያልሆነ ባለ 1.6 ወይም 1.8 ሊትር ሞተር ሴዳን በድብልቅ መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር ከ6 እስከ 8 ሊትር ይጠጣል። በክፉ ሰልፍ 10ም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይተሽ በልብሽ አትደምሪ። ያን ያህል ሞተር ያለው ከፍ ያለ መኪና ግን ከዚያም በላይ ነው የሚጠጣው፤ ይከብዳል፣ ነፋሱንም በሰፊ ፊት ነው የሚገፋው።

ሰዎቹ "ከፍ ያለ ግዢ" የሚሉሽ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። እውነቱን ልንገርሽ። ትንሽ ሴዳን ውስጥ ቁጭ ስትዪ ከፊትሽ ከፍ ያለ መኪና ካለ ከሱ ወዲያ ያለው መንገድ አይታይሽም። ማታ ደግሞ ከኋላ የሚመጣው መብራት ቀጥታ ስፖኪዮሽ ላይ ነው የሚያርፈው። የመሃሉ መስታወት ሥር ያለችውን ትንሽ ምላስ ሳብ ስታደርጊያት ይቀላል፣ የጎኖቹ ግን ያው ናቸው። ከመሬት ያለው ከፍታ ከ13 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አምስት ሰው ሲጫን ደግሞ ይወርዳል። የእኔ የፊት ፓራውልት ከሥሩ ብታዪው የተቧጨረ ነው፣ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ሲሳሳም የኖረ። ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ወይ እናት በየቀኑ የምታሳፍሪ ከሆነም ዝቅ ያለው ወንበር ያስቸግራቸዋል፣ ያኔ ሐሳቤን እቀይራለሁ። በየቀኑ የምትሄጂበት መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ከሆነም እንደዚያው። አስፋልት ከሆነ ግን ዝቅ ማለቱ ጥቅም አለው፤ መኪናው ጥምዝ ላይ አይንገዋለልም፣ የመገልበጥ ዕድሉም ያንሳል።

ለአንቺ ከፍታው ሳይሆን ወንበሩ ነው የሚያሳስበኝ። በቀን ሁለት ሰዓት እዚያ ላይ ነው የምትቀመጪው። መኪና ስታዪ ሰው አምስት ደቂቃ ዞሮ ይመለሳል፣ አንቺ ግማሽ ሰዓት ቁጭ በዪበት። ጭንሽን እስከ ጉልበትሽ አካባቢ ይደግፈዋል? መሪው ወደ አንቺ ይሳባል ወይስ ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው የሚሄደው? ክርንሽ የሚያርፍበት አለ? ኤሲውስ መኪናው ቆሞ ያቀዘቅዛል ወይስ ሲሄድ ብቻ ነው? ሰልፍ ውስጥ የፊተኛውን መኪና ጭስ ነው የምትስቢው፤ የውስጥ አየር ማዞሪያዋን ቁልፍ ልመጃት፣ ብዙ ጊዜ ከጓንት ሳጥኑ ጀርባ ያለውን የአየር ፊልትሮም ቀይሪው። አንዴ አውጥቼ ሳየው ነጭ የነበረው ጥቁር ሆኖ ቅጠላ ቅጠል ሞልቶበት አገኘሁት። ለመቀየር ጉልበትም ብልሃትም አይፈልግም።

የዕቃ መጫኛው ሰፊ ነው፣ አፉ ግን ጠባብ ነው። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይውጣል፣ ማጠቢያ ማሽን ግን አይገባም። ይሄው ነው።

ጎማ ላይ ደስ የሚለው ነገር ልኩ ነው። 195/65 አር15 ወይም 205/55 አር16 በየቦታው ይገኛል፤ የሚያብረቀርቅ ባለ 18 ኢንች ቸርኬ ያለው መኪና ካሳዩሽ ግን ጎማው ውድ ነው፣ ጉድጓድም አይችልም። ነፋስ ስታስሞዪ ጎሚስታው በዓይኑ ለክቶ "በቂ ነው" ቢልሽ እሺ አትበዪ። ልኩ የሹፌሩ በር ሲከፈት ፍሬሙ ላይ ተለጥፏል፣ ለእንዲህ ዓይነት መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከ32 እስከ 35 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ነው፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር መድረሻ ጣሪያው እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም።

ያገለገለ ከገዛሽ ቆጣሪውን ብቻ አትመኚ፣ ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶሻል። 60 ሺህ ኪሎ ሜትር በሰልፍ የሄደ መኪና 120 ሺህ በክፍት መንገድ ከሄደው የባሰ ደክሞ ሊሆን ይችላል። የፍሬን ፔዳሉን ጎማ እዪው፣ አልቆ ልሙጥ ከሆነና ቆጣሪው ትንሽ ከሚል አንዱ ይዋሻል። የሹፌሩን ወንበር የግራ ጠርዝ፣ የመሪውን ቆዳ እዪ። ጎማው ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቢ፤ 2321 ካለ እ.ኤ.አ. በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የሞተሩ ጊዜ ማስተካከያ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው) ቺንጋ ነው ሰንሰለት ብለሽ ጠይቂ። ቺንጋ ከሆነ መቼ እንደተቀየረ ወረቀት ይኑር፣ ብዙውን ጊዜ በ100 ሺህ አካባቢ መቀየር አለበት፣ ብዙ ሞተሮች ላይ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ከዚያ መኪናውን አስነስተሽ ኤሲውን ክፈቺ፣ ኮፈኑን አንሺ፣ የራዲያተሩ ፋን መዞሩን በዓይንሽ እዪ። ሲቪቲ ከሆነ ሰልፍ ያለበት መንገድ ውሰጂው፤ ቆም ሄድ ስትዪ መንቀጥቀጥ ወይ ዘግይቶ መያዝ ካለ ተዪው፣ ዋጋ ይቀንስልሽ ቢልም ተዪው።

የምታዪውም ጠዋት ይሁን፣ ሞተሩ ሌሊቱን ቆሞ ሳይነሳ። የዘይት መቃጠል ጭስና የሰንሰለት ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ያኔ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው። ስትደርሺ ኮፈኑን ንኪው። ሞቆ ካገኘሽውና ሰውዬው "እንዳትቸገሪ ብዬ ቀድሜ አስነሳሁልሽ" ካለሽ፣ አመስግነሽ "እንግዲያው ነገ ጠዋት እመለሳለሁ፣ ሳልመጣ እንዳይነሳ" በዪው።