ወደ ፓስወርድ ሃሽ ከተሻገርን በኋላ አባላት መግባት አልቻሉም፤ ምን እናድርግ?

ጠያቂያችን የአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበርን የአባላት ሶፍትዌር ያስተዳድራሉ። በፒኤችፒና በማይኤስኪውኤል የተሠራው ይህ ሶፍትዌር የይለፍ ቃሎችን ለዓመታት ወደ ሃሽ (ወደ ቃሉ ወደማይመለስ የቁምፊዎች ድርድር) በሚቀይረው ኤምዲ5 በተባለ የቆየ ስልት፣ ያለ ምንም ሶልት (ከስሌቱ በፊት በቃሉ ላይ የሚጨመር የዘፈቀደ ቁምፊ)፣ ሲያስቀምጥ ቆይቷል። አደጋውን ተረድተው ኮዱን በቅርቡ ፓስወርድ ሃሽ ወደተባለው የፒኤችፒ ፈንክሽን ቢቀይሩትም ነባሮቹም አዲሶቹም አባላት መግባት አቃታቸው። ከላኩልን ኮድ እንደምንረዳው፣ አባሉ ያስገባው ቃል እንደገና ሃሽ ተደርጎ ከተቀመጠው ጋር ይወዳደራል፤ የሃሹ ዓምድም እንደ ድሮው ቫርቻር 32 ነው። ነባር አባላትን «አዲስ የይለፍ ቃል አውጡ» ሳይሉ ማሻገር ይቻል እንደሆነም ጠይቀዋል።

ለመቀየር መወሰንዎ ትክክል ነው፤ ወደ ኤምዲ5 አይመለሱ። ያጋጠምዎ ችግር አንዱ ሌላውን የሚሸፍን ሁለት ስሕተት ስለሆነ አንዱን ብቻ ቢያርሙ ለውጥ አያዩም።

የመጀመሪያው ስሕተት ማወዳደሩ ነው። ኤምዲ5 ለአንድ ቃል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ስለሚሰጥ ውጤቶቹን ጎን ለጎን ማወዳደር ይሠራ ነበር። ፓስወርድ ሃሽ ግን በተጠራ ቁጥር አዲስ የዘፈቀደ ሶልት ስለሚያመነጭ፣ ያንኑ ቃል ሁለት ጊዜ ቢሰጡት ሁለት የማይመሳሰሉ ውጤቶች ይመልስልዎታል። ስለዚህ የማረጋገጡን ሥራ ፓስወርድ ቬሪፋይ ለተባለው ፈንክሽን ይተዉለት፤ አባሉ ያስገባውን ቃልና ከዳታቤዙ የመጣውን ሃሽ ብቻ ይስጡት፤ ሶልቱን ከሃሹ ውስጥ ራሱ አውጥቶ ያሰላል።

ሁለተኛው ስሕተት የዓምዱ ስፋት ነው። ፓስወርድ ሃሽ በመነሻው የሚጠቀምበት ቢክሪፕት የተባለው ስልት የሚሰጠው ሃሽ 60 ቁምፊ አለው፦ የመጀመሪያዎቹ 7 የአልጎሪዝሙን ዓይነትና የስሌቱን ክብደት ይናገራሉ፤ ቀጣዮቹ 22 ሶልቱ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ 31 ደግሞ የሃሹ ውጤት ናቸው። የእርስዎ ዓምድ 32 ቁምፊ ብቻ ስለሚይዝና ማይኤስኪውኤል ስትሪክት ሞድ (ከዓምዱ የሚተርፍ ዳታን እንዳይቀበል የሚያደርገው ቅንብር) ሲዘጋበት ትርፉን ቆርጦ በማስጠንቀቂያ ብቻ ስለሚያልፍ፣ ከውጤቱ ላይ የተረፉልዎ 3 ቁምፊዎች ናቸው። የተቆረጠው ሊጠገን አይችልም። በመሆኑም ዓምዱን ወደ ቫርቻር 255 ያስፉት፤ ኮዱ ከተቀየረበት ቀን ወዲህ የተመዘገቡትንና የይለፍ ቃላቸውን የለወጡትን አባላት ብቻ ለይተው አዲስ እንዲያወጡ ይጠይቋቸው። ስትሪክት ሞድንም ይክፈቱት፤ ክፍት ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን በመጀመሪያው ምዝገባ ላይ ባዩት ነበር።

ነባሮቹን ያለ ጭንቅ ማሻገር ይቻላል። የዳታቤዙን ቅጂ አስቀድመው ያስቀምጡና፣ እያንዳንዱን የቆየ የኤምዲ5 ሃሽ ራሱን እንደ ይለፍ ቃል ቆጥረው በፓስወርድ ሃሽ ያሳልፉት፤ በሌላ ትንሽ ዓምድ ላይም «የተጠቀለለ» የሚል ምልክት ያኑሩለት። አባሉ ሲገባ ምልክቱ ካለ ያስገባውን ቃል መጀመሪያ በኤምዲ5፣ ከዚያ በፓስወርድ ቬሪፋይ ያረጋግጡ፤ ከተሳካ፣ ቃሉ በዚያች ቅጽበት በእጅዎ ስለሆነ፣ በቀጥታ በፓስወርድ ሃሽ አድሰው ያስቀምጡትና ምልክቱን ያጥፉ። መጠቅለያው ግን ጊዜያዊ ነው። ከሌላ ቦታ የሾለከ የኤምዲ5 ዝርዝር በእጁ ያለ ሰው የአባሉን ቃል ሳያውቅ እንኳ ያንን ዝርዝር በጥቅሎቹ ላይ ሊሞክርበት ይችላል። ስለዚህ በስድስት ወር ውስጥ ያልገባውን አባል አዲስ የይለፍ ቃል እንዲያወጣ ማድረግን እመክራለሁ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሚያስፈልግ የሚጠይቅዎ የቦርድ አባል ቢኖር አንድ ስሌት ያሳዩት። ብዙ ሰው በእኛ አገር ስልክ ቁጥሩን የይለፍ ቃል ያደርጋል። በ09 የሚጀምር ቁጥር የሚቀሩት 8 አኃዞች ስለሆኑ፣ ያሉት አማራጮች በጠቅላላ 100 ሚሊዮን ናቸው። አንድ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ በሰከንድ ቢሊዮኖች የኤምዲ5 ሃሾችን ስለሚያሰላ፣ የሁሉም አባላት ስልክ ቁጥር ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይገለጣል። በቢክሪፕት አንዱ ሙከራ ሩብ ሰከንድ ሲወስድ ግን በአንድ የፕሮሰሰር ኮር 100 ሚሊዮኑን ለመጨረስ ወደ 289 ቀናት ያስፈልጋል፤ ሶልቱ የተለያየ ስለሆነም የአንዱ አባል ልፋት ለሌላው አያገለግልም። አጥቂው ብዙ ማሽን ካሰለፈ ጊዜው ማጠሩ አይቀርም፤ ቢሆንም አባላትን ለማስጠንቀቅ ፋታ ያገኛሉ።

ክብደቱን በራስዎ ሰርቨር ላይ ለክተው ይወስኑ። የፒኤችፒ መነሻ ክብደት ለረጅም ጊዜ 10 ነበር፤ ከ8.4 ጀምሮ 12 ሆኗል። በአንድ ሲጨምር ሥራው በእጥፍ ያድጋልና፣ ከ10 ወደ 12 መሄድ ከ1,024 ወደ 4,096 ዙር መሄድ ነው። ወደፊት ክብደቱን ሲጨምሩ ሃሹ መታደስ እንዳለበት የሚነግርዎትን ፓስወርድ ኒድስ ሪሃሽ የተባለውን ፈንክሽን በመግቢያው ኮድ ላይ ያኑሩ፤ አዎ ሲልዎ ቃሉን በፓስወርድ ሃሽ እንደገና ካስቀመጡት፣ አባላት በገቡ ቁጥር ሃሾቻቸው ይታደሳሉ።

በአማርኛ የይለፍ ቃል የሚጽፉ አባላት ካሉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቢክሪፕት ከ72 ባይት በላይ ያለውን አያነብም፤ በዩቲኤፍ-8 ደግሞ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ረጅም ዐረፍተ ነገር የመረጠ አባል ከ24ኛው ፊደል በኋላ የጻፈው ሁሉ ዋጋ የለውም፤ እሱ ግን ይህን አያውቅም። ርዝመቱን በባይት ለክተው ገደቡን በግልጽ ይንገሩት፤ ወይም በሰርቨርዎ ላይ ያለው ፒኤችፒ የሚደግፈው ከሆነ አርጎን2 ከተባለው ስልት ዓይነቶች አንዱ የሆነውን አርጎን2አይዲን ይምረጡ። አርጎን2 በ2015 የይለፍ ቃል ሃሽ ውድድርን ያሸነፈ ስልት ሲሆን ይህ ገደብ የለበትም፤ ማሽኑ ሰፊ ሜሞሪ እንዲጠቀም ስለሚያስገድድም ለግራፊክስ ካርድ አይመችም። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን በመመዝገቢያው ገጽ ላይ በአንድ መስመር ይግለጹ፤ ፊደላቱን በኮድ ለማመሳሰል ግን አይሞክሩ።

በመጨረሻ የሎግ ፋይሎችዎንና የድሮ የዳታቤዝ ቅጂዎችዎን ይፈትሹ። አንድ ጊዜ በሠራሁበት ድርጅት ሃሹ እንከን አልነበረበትም፤ ነገር ግን ለሙከራ የተጻፈች አንዲት የኮድ መስመር እያንዳንዱን የይለፍ ቃል እንዳለ ወደ ሎግ ስትጽፍ ወራት አልፈዋል። የኤምዲ5 ሃሾችን የያዘ ቅጂም በፍላሽ ላይ ወይም በአንድ ሠራተኛ ላፕቶፕ ውስጥ እስካለ ድረስ ማሻገሩ አላለቀም፤ የሚያስፈልጉትን አመስጥረው ያስቀምጡ፣ የቀሩትን ይሰርዟቸው።